የድሮ የኪስ ሽጉጥ አሰባሰብ፦ ከፈቃዱ እስከ ታሪክ ካርዱ

ጎጃም ውስጥ የጠመንጃ ስም የማያውቅ ሽማግሌ ማግኘት ይቸግራል። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ናስማስር፣ በልጅግ እያለ ይቆጥርላችኋል። ፉከራውም ሽለላውም በእነዚህ ስሞች የተሞላ ነው። የኪስ ሽጉጥ ላይ ሲደረስ ግን ወሬው ያጥራል። «ትንሽ የጣሊያን ሽጉጥ ነበረችው» ይባልና ይታለፋል። በሳጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ሽጉጥ የት ተሠራች? መቼ ተሠራች? በማን በማን እጅ አለፈች? ይህ ሳይጻፍ ባለቤቱ ያርፋል። ልጆቹ እጅ ላይ ስም የለሽ ብረት ይቀራል።

ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የድሮ ከፊል አውቶማቲክ የኪስ ሽጉጦችን ለመለየት፣ ለመመዝገብና ሳይበላሹ ለማቆየት ለሚፈልግ ሰው ነው። የማምንበትን ገና ከመጀመሪያው ልናገር፦ መጀመሪያ የሚሰበሰበው ታሪኩ ነው። ሽጉጡ ሌላ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ታሪኩን የሚያውቁት አዛውንት ግን ዛሬ ነው ያሉት።

ስለ ዓመቶቹ አንድ ነገር። የፋብሪካ ዓመቶችን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአገራችንን ደግሞ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ። ሁለቱ ከተምታቱ ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል።

አንደኛ፦ ሕጉን አስቀድሙ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለ። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ፣ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ያስከስሳል። «ያረጀ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» ማለት አያዋጣም። «የአባቴ ነው» ማለትም ፈቃድ አይሆንም። ቤታችሁ ውስጥ ያልተመዘገበ የቆየ ሽጉጥ ካለ ይዛችሁት አትውጡ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ፖሊስ ጋ ሂዱና ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ጠበቃ ካለ ደግሞ ከእሱ ጀምሩ።

አሁን ባለው ሁኔታ ሽጉጥ ይዞ ከደብረ ማርቆስ ቢቸና፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መንቀሳቀስ ለሕይወትም ያሰጋል። እኔ የምመክረው አሰባሰብ ስለዚህ ቀለል ያለ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው የራሱን ሽጉጥ በቤቱ ያጥና፣ ይመዝግብ። ፈቃድ የሌለን ደግሞ ፎቶውን፣ ጽሑፉንና ታሪኩን እንሰብስብ። የሽጉጡ የቆዳ ማህደር፣ የአርበኞች ፎቶግራፍ፣ ያረጀ የፈቃድ ወረቀት፣ የስጦታ ደብዳቤ ሁሉ የስብስቡ አካል ናቸው። በዚህ መንገድ አንዲት ሽጉጥ ከቤቷ ሳትወጣ ሙሉ ታሪኳ ሊሰበሰብ ይችላል።

ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ካጋጠማችሁ አትንኩት፤ ለፖሊስ አሳውቁ። በዚህ ላይ ምንም ማቅማማት የለም።

ሁለተኛ፦ ባዶ መሆኑን በዓይን እዩ

ካዝናውን ስላወጣችሁ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። አንድ ጥይት ከአፈሙዙ ቱቦ የኋላ ጫፍ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የቆየ ሽጉጥ ደግሞ ማን እንዳስቀመጠው፣ ጎርሶ ይሁን ባዶ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ሊያቆም ወደሚችል አቅጣጫ አዙሩ። ጣት ከምላጩ ይራቅ። ከዚያ ካዝናውን አውጡ። በአብዛኞቹ የአውሮፓ የኪስ ሽጉጦች የካዝናው መልቀቂያ ከእጀታው ግርጌ፣ ከኋላ በኩል ነው። ቀጥሎ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ ውስጡን በብርሃን እዩ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ደግማችሁ እዩ። ጥይት የሚገባበትን ቦታ በስክሪብቶ ጫፍ መንካትም ጥሩ ነው። ተንሸራታቹ ዝጎ አልሳብ ካለ አትታገሉት። ጎርሷል ብላችሁ አስቡና ለሚመለከተው ባለሙያ ተዉት። በመዶሻ፣ በካቻቢቴ መክፈት የለም።

በድሮ ሽጉጥ ላይ ሴፍቲውን፣ ማለትም እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን፣ አትመኑ። ሞላው ደክሟል፣ ጥርሱ ተበልቷል። የብራውኒንግ 1906 የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ጭራሽ የጎን ሴፍቲ አልነበራቸውም፤ እጀታው ላይ የሚጫን ሴፍቲ ብቻ ነበራቸው። ሌላም አለ። የማውዘር 1910 እና 1914 ሽጉጦች ተከፍተው ቆመው ሳለ ካዝና ስታስገቡባቸው ተንሸራታቹ በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ይወረወራል። ይህን ያላወቀ ሰው ጣቱን ይቀረጠፋል፤ ካዝናው ውስጥ ጥይት ካለ ደግሞ ሳያስበው አጉርሶታል።

በእነዚህ ሽጉጦች ለመተኮስ አትሞክሩ። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ «ይሠራል ወይ» ለማለትም። አብሯቸው የተገኘ ያረጀ ጥይትም መቀመጥ የለበትም፤ ለፖሊስ ይመለስ።

ሦስተኛ፦ ምን ዓይነት ስብስብ እንደምትፈልጉ ወስኑ

ሁሉን ልሰብስብ ያለ ሰው አንዱንም ጠንቅቆ ሳያውቅ ይቀራል። አንድ ጉዳይ ያዙ። ለጎጃም ሰው በጣም የቀረበው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው። የእነ በላይ ዘለቀ፣ የእነ ነጋሽ በዛብህ፣ የእነ መንገሻ ጀምበሬ፣ የእነ ኃይሉ በለው ትግል የተካሄደበት አገር ነው። የጠላት መኮንን ሽጉጥ ተማርኮ የአርበኛ ወገብ ላይ የዋለበት ዘመን ነው። ሌላው አማራጭ የብራውኒንግ ቤተሰብን ብቻ መከተል ነው። ወይም ከወረራው በፊት በመኳንንቱ እጅ የነበሩትን። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው ያዩ ሰው ናቸው፤ የአውሮፓ ዕቃ በዚያ ዘመን ወደ ጎጃም እንዴት እንደገባ መከታተል ራሱን የቻለ ጥናት ነው።

ተዘዋዋሪ ከበሮ ያላቸውን ሽጉጦች እዚህ አልነካቸውም። የእኛ ጉዳይ ካዝና ያላቸው፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንዴ የሚተኩሱ፣ ቀለሁን ራሳቸው ተፍተው ቀጣዩን ጥይት ራሳቸው የሚያጎርሱ ናቸው። ከትንንሾቹ አብዛኞቹ አሠራራቸው ቀላል ነው። ጥይቱ ደካማ ስለሆነ የተንሸራታቹ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ይበቃዋል፤ ሌላ መቆለፊያ የላቸውም።

አራተኛ፦ ጽሑፉን አንብቡ

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። የማጉያ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስመሪያ፣ ስልክ፣ ደብተር። ከተገኘ ንጹሕ የጥጥ ጓንት፤ የእጅ ላብ ብረት ላይ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ይተዋልና።

ጠዋት ከመስኮት በሚገባ የጎን ብርሃን ሥሩ። የስልኩን ፍላሽ አጥፉት፤ ብረቱን ያንጸባርቀዋል፣ ጽሑፉን ይበላዋል። ብርሃኑ በጎን ሲመታው የደበዘዘ ፊደል እንኳ ጥላ ይሠራል። አሁንም ካልተነበበ ነጭ ጠመኔ በቀስታ አሻሹበትና ላዩን በጨርቅ ጥረጉት። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ቁልጭ ይላል። ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ዘይት በነካ ጨርቅ አጽዱት፤ ጠመኔ እርጥበት ይስባል።

ስትመለከቱ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ሂዱ። የተንሸራታቹ ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎን፣ የታችኛው አካል ግራና ቀኝ፣ የአፈሙዙ ቱቦ፣ የእጀታው ሽፋን፣ የካዝናው ግርጌ። የምታዩትን ፊደል ባይገባችሁም እንዳለ ገልብጡ። ትንሿን ማኅተም አትናቁ። ዋናው ቁም ነገር ብዙ ጊዜ እሷ ውስጥ ነው። ቤልጂግ (ቤልጂየም) የተሠራ ከሆነ ሊዬዥ በተባለው ከተማ ያለው የሽጉጥ መፈተሻ ቤት ማኅተም አለበት፤ ክብ ሞላላ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ፊደላት፣ ከላይ ዘውድ። የጀርመን ከሆነ ከ1940 በፊት የተፈተሸው ዘውድ ከኤን ፊደል ጋር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ንስር ከኤን ፊደል ጋር ይኖረዋል። ይህች ብቻ ዘመኑን ለሁለት ትከፍልላችኋለች።

የጥይቱን መጠንም ጻፉ። 6.35፣ 7.65 ወይም 9 አጭር ይላል። አሜሪካኖቹ እነዚህኑ 25፣ 32 እና 380 ብለው ነው የሚጽፉት። አንድ ናቸው፤ አትደናገሩ።

አምስተኛ፦ ቤተሰቡን ለዩ

ሽማግሌዎች ሽጉጥን የሚያስታውሱት በጎራሽነቱ ነው። «ሰባት ጎራሽ ነበር» ካሏችሁ ያዙት፤ ጥሩ ፍንጭ ነው።

የብራውኒንግ 1900 ሰባት ጎራሽ ነው፤ 7.65 ይተኩሳል። ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ የሚባል አሜሪካዊ ነድፎት ኤርስታል፣ ቤልጂግ ውስጥ ኤፍ.ኤን የተባለው ፋብሪካ ሠራው። ከፊት ስታዩት ሁለት ቱቦ የተደራረበ ይመስላል። ከላይ ያለው የሞላው ቤት ነው፤ የአፈሙዙ ቀዳዳ ከታች ነው። ይህን የመሰለ ብዙም ስለሌለ መለየቱ አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1909 ኮሪያዊው አን ጁንግ ገን ሃርቢን ላይ የጃፓኑን ኢቶ ሂሮቡሚን የገደለው በዚህ ዓይነት ሽጉጥ ነበር።

የ1906ቷ ከሁሉ ታንሳለች። ስድስት ጎራሽ፣ 6.35፣ ርዝመቷ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር። መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። የ1910 ሞዴል ደግሞ ለስላሳና ድቡልቡል ነው። ሞላው በአፈሙዙ ቱቦ ዙሪያ ስለተጠመጠመ የላዩ ጉብታ የለም፤ ከፊት ጫፉ ላይ ለመያዣ እንዲመች የተሸረሸረ ቀለበት አለው። ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ሳራዬቮ ላይ ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. የተኮሰው በዚህ ሞዴል ነው። የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት የለኮሰችው የኪስ ሽጉጥ ናት ማለት ነው።

ኮልት 1903 የአሜሪካ ነው፤ ሃርትፎርድ የተሠራ። የሚፈነጥዝ ፈረስ ማኅተም አለበት። በ32ቱ ስምንት ጎራሽ ነው። ከውጭ መዶሻ የለውም፤ ውስጡ ግን ተሸሽጎ አለ።

ማውዘር 1914 ስምንት ጎራሽ ነው፤ እጀታውን ከኋላ ዞሮ የሚያቅፍ አንድ ወጥ እንጨት አለው። እንጨቱ ቶሎ ይሰነጠቃልና ያልተሰነጠቀ ካያችሁ ጻፉት። ዋልተር ፒ.ፒ በ1929 መጣ፤ አነስ ያለው ፒ.ፒ.ኬ ተከተለው። ምላጩን በመሳብ ብቻ መዶሻውን የሚያነሳ ጥሩ አሠራር ነው።

ስለ እስፔን ሽጉጦች ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ሽጉጥ አጥሯት ኤይባር ለሚባለው የእስፔን ከተማ አዘዘች። «ሩቢ» የተባለው ዘጠኝ ጎራሽ ሽጉጥ በብዙ ትንንሽ ቤቶች ተሠራ። ከሩቅ ብራውኒንግ ይመስላል። የአንዱ ቤት ካዝና ለሌላው አይገጥምም፤ ስለዚህ ሽጉጡም ካዝናውም ላይ የሠሪውን ምልክት በሁለት ፊደል ይመቱ ነበር። ሁለቱ ፊደላት ከተመሳሰሉ ካዝናው የራሱ ነው። «የእስፔን ኮፒ ነው» ብላችሁ አትናቁት። እንዲያውም ካዝናውና አካሉ የተስማማ ሩቢ በጥንቃቄ ሊመዘገብ የሚገባው ነው።

በረታውን ጠጋ ብለን እንየው

በጎጃም ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው በረታ 1934 ነው። ሰባት ጎራሽ፣ 9 አጭር፤ ጣሊያኖቹ «9 ኮርቶ» ይሉታል። ርዝመቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ላይኛው ተንሸራታች ከፊት በኩል የተከፈተ ስለሆነ የአፈሙዙ ቱቦ ከላይ ይታያል። መዶሻው ከኋላ ውጭ ነው፣ ክብ ነው። የእጀታው ሽፋን ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ከሥሩ የብረት ጀርባ አለው። ተመሳሳዩ በረታ 1935 በ7.65 ይመጣልና የጥይቱን መጠን ሳታነቡ አትፍረዱ።

በተንሸራታቹ ግራ ጎን ላይ የፋብሪካው ስም፣ የጥይቱ መጠን፣ ሞዴሉ፣ ከዚያ የከተማው ስም ጋርዶኔ ይመጣል። ከእሱ ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት አለ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አሹና እዩ። ከተለመደው ዓመት አጠገብ የሮማ ቁጥር ተመትቷል። ይህ የፋሺስቶቹ የራሳቸው አቆጣጠር ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 ጀምረው የቆጠሩት። በሮማ ቁጥር ኤክስ 10 ነው፣ ቪ 5፣ አይ 1። ስለዚህ «1938» ከሚለው አጠገብ ኤክስ፣ ቪ፣ አይ ካያችሁ 16ኛው የፋሺስት ዓመት ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በሮማ ቁጥር ያገኛችሁት ላይ 1922 ደምሩ። 16 ሲደመር 1922፣ 1938 ይሆናል። የፋሺስቱ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ስለሚለወጥ በአንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ቢል አትደንግጡ። አራትና አምስት ዓመት ከተራራቀ ግን አንዱ ብረት ከሌላ ሽጉጥ መጥቷል፣ ወይም ጽሑፉ ተነካክቷል።

አር እና ኢ የሚሉ ሁለት ፊደላት ተመትተው ካገኛችሁ ሽጉጡ የጣሊያን ንጉሣዊ ጦር ሠራዊት ነበር ማለት ነው። አር እና ኤም ከሆነ የባሕር ኃይሉ። ፒ እና ኤስ ከሆነ የፖሊሱ። ምንም ከሌለ በግል የተገዛ ሊሆን ይችላል። አያታችሁ «ከጣሊያን መኮንን ማረኩት» ካሉና ብረቱ ላይ የሠራዊቱ ማኅተም ካለ፣ ቃላቸውና ብረቱ ተደጋገፉ። ይህን የመሰለ ደስታ የለም።

ስድስተኛ፦ ታሪኩን ከብረቱ ጋር አፋጥጡ

አሁን አዛውንቱን ጠይቁ። ቀጥታ «መቼ ነው?» ብትሏቸው ዓመት ላይመጣላቸው ይችላል። በክስተት ጠይቁ። «አባባ፣ ይህ ሽጉጥ እጅዎ የገባው ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» «ጃንሆይ በኦሜድላ ሲገቡ አባትዎ ይዘውት ነበር?» «ደርግ መሣሪያ ሲሰበስብ የት ነበር?» «ማን አወረሰዎት? ለምን ለእርስዎ ሰጡ?» እያሉ መሄድ ነው። በድምፅ ቅረጹ፤ ፈቃዳቸውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሲናገሩ አታቋርጧቸው። ስም ሲጠሩ አገሩን፣ ቀበሌውን፣ ዝምድናውን ጨምራችሁ ጻፉ።

እማማንም ጠይቁ። ወንዶቹ ተኩሱን ያወራሉ፤ ሽጉጡ የት እንደተደበቀ፣ በምን ጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ ከማን ጋር ግጭት እንዳመጣ የሚያውቁት ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ናቸው።

ከዚያ ቃሉን ከብረቱ ጋር ፊት ለፊት አቁሙት። ምሳሌ ልስጥ። «ይህ ብራውኒንግ ከዓድዋ የመጣ ነው» የሚል ቤተሰብ ቢያጋጥማችሁ፣ ዓድዋ የካቲት 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች 1896። ብራውኒንግ 1900 ገና አልተሠራም ነበር። ስለዚህ ሽጉጡ ዓድዋን ሊያይ አይችልም። ይህ ማለት ግን ቤተሰቡ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ምናልባት ዓድዋ የዘመቱት ቅድመ አያት በኋላ የገዙት ነው። ምናልባት ከዓድዋ የመጣው ጠመንጃው ነበር፤ ስሙ ወደ ሽጉጡ ዞረ። ሁለቱንም ጻፉ፤ የቤተሰቡን ቃል በአንድ መስመር፣ የብረቱን ምስክርነት በሌላ መስመር።

ሁለተኛ ምሳሌ። ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች 1941። ደብረ ማርቆስ የደረሱት መጋቢት 28 ነው። በጎጃም የጣሊያን ጦር በዚያ ወቅት አበቃለት። በረታው ላይ የተመታው 1942 ከሆነ «በ1933 ደምበጫ ላይ ተማረከ» የሚለው አይሆንም። ሽጉጡ የተሠራው ጣሊያን ከጎጃም ከወጣ በኋላ ነው። ታዲያ በሌላ መንገድ መጥቷል፤ መንገዱን ፈልጉ። 1937 ወይም 1938 ከሆነ ግን የአርበኝነቱ ታሪክ ከቀኑ ጋር ይስማማል። ይስማማል ማለት ተረጋገጠ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ለማረጋገጥ ሌላ ሰው፣ ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል።

ለአዛውንቱ ስታስረዱ በአክብሮት ይሁን። በሽማግሌ ፊት «ተሳስተዋል» ብሎ መሞገት ነውር ነው፤ ለጥናቱም አይጠቅምም። ቀጣዩን ታሪክ አይነግሯችሁም።

ሰባተኛ፦ ያልተነካካ መሆኑን መርምሩ

የድሮ ሽጉጥ ቀለም የተቀባ አይደለም። ያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መልክ ብረቱ ራሱ በሙቀትና በኬሚካል እንዲይዝ የተደረገ ነው። ከጊዜ ጋር ጠርዞቹ ላይ ይነጣል፣ እጅ የሚነካው ቦታ ላይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ዕድሜው ነው። በጣም የሚያብረቀርቅ ያረጀ ሽጉጥ ሲያጋጥማችሁ ተጠራጠሩ። የፊደሎቹን ጠርዝ በማጉያ እዩ። ተሞርዶ እንደገና የተቀባ ከሆነ ፊደሎቹ ለስልሰው ደብዝዘዋል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጎድጎድ ብሏል፣ ከሚያምረው ቀለም ሥር የዝገት ጉድጓድ ይታያል።

ቁጥሮቹንም አስተያዩ። በብዙዎቹ ላይ ታችኛው አካልና ተንሸራታቹ ተመሳሳይ ቁጥር አላቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ የአፈሙዙ ቱቦም ይጨመራል። ከተለያዩ ሽጉጡ ከሁለት ሽጉጥ ተገጣጥሟል።

አንበሳ፣ ዘውድ ወይም የታላቅ ሰው ስም ተቀርጾበት ከተገኘ ልባችሁ አይሸፍት። የቅርጹ ጉድጓድ ውስጥ ብረቱ የነጣና ስለታም ከሆነ፣ ዙሪያው ግን ያረጀ ከሆነ፣ ቅርጹ በኋላ የመጣ ነው። አብሮ ያረጀ ቅርጽ ውስጡም እንደ ውጩ ጠቁሯል።

የእጀታው ሽፋን በብራውኒንጎቹ ላይ ጠንካራ ጎማ ነው። ጥቁር የነበረው በፀሐይ ወደ ቡናማ ይለወጣል። በጥቁር ቀለም አትቀቡት፤ ቡናማነቱ ትክክለኛነቱን ይመሰክራል።

ስምንተኛ፦ በክረምት መጠበቅ

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ለብረት ጠላት ነው። ከሁሉ የከፋው ስህተት ሽጉጥን በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቆዳው የለፋበት ኬሚካል እርጥበት ይይዛል፤ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይበላል፣ ናስ ካለ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያወጣል። ማህደሩ ለብቻው፣ ሽጉጡ ለብቻው ይቀመጥ፤ ካርዱ ላይ ግን አብረው ይጻፉ። ጋቢና ብርድ ልብስም እርጥበት ይስባሉ። ጭስ ከሚደርስበት ቆጥ ላይም አታስቀምጡ።

ለጥገና የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ሲንጠባጠብ አይደለም። ቅቤ አይሆንም፣ ይበላሽና አሲድ ይሆናል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም አይሆንም። እንጨቱና ጎማው ላይ ዘይት አታድርሱ። ቀይ ዝገት ካለ ዘይት አጠጥታችሁ ጥቂት ቀን ተዉት፤ ከዚያ በእንጨት ስንጥርና በሻካራ ጨርቅ ቀስ እያላችሁ አንሱት። ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የጋራዥ መሞረጃ ከቤቱ ይራቁ። በእነሱ አንድ ቀን የጠፋ ማኅተም በምንም አይመለስም።

ሽጉጡ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትስብ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ አኑሩ፤ በየጊዜውም ለውጧት። በክረምት ቶሎ ቶሎ፣ በበጋ አልፎ አልፎ አውጥታችሁ እዩት።

ዘጠነኛ፦ ካርዱ

ለእያንዳንዱ ሽጉጥ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። የሚሞላው እንዲህ ይሆናል፦

ዓይነት፦ በረታ 1934። ጥይት፦ 9 አጭር፣ ሰባት ጎራሽ። በብረቱ ላይ ያለ ዓመት፦ 1938፣ የሮማ ቁጥሩ 16። ማኅተም፦ የጣሊያን ጦር ሠራዊት፣ በታችኛው አካል። ቁጥሮች፦ አካልና ተንሸራታች ይስማማሉ። ሁኔታ፦ ጠርዙ ነጥቷል፣ የእጀታው ቀኝ ሽፋን ታች ተሰንጥቋል፣ ፊደሉ ስለታም ነው። የቤተሰቡ ቃል፦ በአያት ተማረከ፣ ቦታውና ዘመኑ እንደተነገረ። ቃሉን የሰጠው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ የተቀዳበት ቀን። የጸሐፊው አስተያየት፦ ዓመቱ ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ ሌላ ምስክር አልተገኘም። የፈቃድ ሁኔታ፦ ቁጥሩና ቀኑ።

ፎቶዎቹን በካርዱ ቁጥር ሰይሟቸው። የሽጉጡን ሙሉ ቁጥር፣ የቤቱን አድራሻና የባለቤቱን ስም ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። ሌባ ይመራል፣ ቤተሰቡንም ያጋልጣል። ለሰው ማሳየት ካስፈለገ የማኅተሙን ፎቶ ብቻ አሳዩ።

ካርዱን በሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱ ቤት ይቀመጥ፤ ሌላው ታማኝ ዘመድ ጋ፣ በተለይ ሌላ ከተማ የሚኖር ካለ። ቤተሰቡ ከፈቀደ የቃለ መጠይቁን ቅጂ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለሚያጠና ሰው መስጠት ይቻላል። ባለቤቱ አርጅተው ከሆነ ደግሞ ሽጉጡ ከእሳቸው በኋላ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ያ ሰው ፈቃድ ማግኘት ይችል እንደሆነ፣ ካልቻለ ለማን እንደሚመለስ በሕይወት ሳሉ ተነጋግራችሁ ፖሊስ ጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ጀርባ ጻፉት።